«አላወቅሁም ነበር»፦ የታገደ መንጃ ፈቃድና የኅሊና ፍርድ

«ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም» የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። በፍርድ ቤት አደባባይም ሆነ በትራፊክ ፖሊስ ፊት፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቤተ ዘመድ ሸንጎ ይነገራል። ይሁን እንጂ የሚናገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩን ለመዝጋት ስለሚጠቀምበት፣ ከአባባሉ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ሳይመረመር ያልፋል። ሰው ያላወቀውን ሕግ ቢተላለፍ በሰው ፊት ተጠያቂ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? በእግዚአብሔር ፊትስ? ሁለቱ ፍርዶች የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ፣ አንድ ክርስቲያን በሰው ችሎት ፊት ሲቆም ስለ ራሱ ምን ብሎ ሊናገር ይገባዋል?

ቅዱስ መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ገጽታ ያሳየናል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 5 ሳያውቅ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የተላለፈ ሰው በደለኛ እንደሚሆንና የበደል መሥዋዕት እንደሚያቀርብ ይደነግጋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ደግሞ ጌታችን ስለ ሁለት አገልጋዮች ይናገራል፤ የጌታውን ፈቃድ እያወቀ ያልፈጸመው ብዙ ይገረፋል፣ ሳያውቅ ለቅጣት የሚያበቃ ነገር ያደረገው ግን ጥቂት ይገረፋል። ልብ እንበል፤ ጌታ ጥቂት ይገረፋል አለ እንጂ አይገረፍም አላለም። ይህ «ጥቂት» የተባለው ለምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጉዳዩን በመጻሕፍት ብቻ ከመመርመር በአንድ ተጨባጭ ነገር ላይ ማየቱ ይሻላል። በአሜሪካ አገር፣ በተለይም በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ ምእመናን ወገኖቻችን ብዙዎቹ ኑሯቸው በመኪና ላይ የተመሠረተ ነው። በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመውን ሰፈር ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያች ከተማ መኪና ቅንጦት አይደለም፤ የእግር ምትክ ነው። እንግዲህ አንድ የአገራችንን ልጅ እናስብ። በትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላው የመጣ መኪና ገጨው። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ሁለቱ አሽከርካሪዎች ስምና ስልክ ተለዋውጠው፣ እንደ እኛ አገር ወግ «እንኳን ሕይወት ተረፈ» ተባብለው በሰላም ተለያዩ። በዚያ ክፍለ ግዛት ሕግ መሠረት ግን፣ ጉዳቱ ከ1,000 ዶላር በላይ ከሆነ ወይም ሰው ከተጎዳ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን እያንዳንዱ አሽከርካሪ በ10 ቀን ውስጥ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ ካላስታወቀ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ሰውየው ይህን አላወቀም። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ቤት ቀየረ። አዲሱን አድራሻ ለባንኩና ለአሠሪው ነገረ፤ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ግን አልነገረም። ይህንንም በ10 ቀን ውስጥ ማድረግ ነበረበት። የእገዳው ደብዳቤ በቀድሞው አድራሻ ተላከ።

ከወራት በኋላ አንድ ምሽት የኋላ መብራቱ ስለ ጠፋ ፖሊስ አስቆመው፤ መንጃ ፈቃዱንም ተቀብሎ ከመረመረ በኋላ «ፈቃድህ ታግዷል» አለው። መኪናው ተጎትቶ ተወሰደ፤ በሕጉ መሠረት እስከ 30 ቀን ሊያዝ ይችላል። ሰውየውም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ወረቀት ተሰጠው። ክሱ በታገደ ፈቃድ መንዳት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተከሰሰ እንኳ እስከ ስድስት ወር እስራት፣ ወይም ከ300 እስከ 1,000 ዶላር መቀጫ፣ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል የሚችል የወንጀል ክስ ነው። በሕይወቱ ፖሊስ ጣቢያ ረግጦ የማያውቅ ሰው ወንጀለኛ ሊባል ነው። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደው መገመት አያዳግትም።

በማግሥቱ ወዳጆቹ ይመክሩታል። አንዱ፦ «ምንም ችግር የለም፤ ‹አላወቅሁም› በል፤ ደብዳቤው ቢደርስህም እንኳ አልደረሰኝም በል፤ ማን ያያል?» ይለዋል። ሁለተኛው፦ «ከፈረንጅ ሕግ ጋር አትከራከር፤ ‹አጥፍቻለሁ› በልና ከፍለህ ተገላገል» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ፦ «እስከ ቀጠሮህ ድረስ ቀስ እያልክ ንዳ፤ ልጆችህ ምን ይብሉ?» ይለዋል። ሦስቱም የወዳጅ ምክሮች ናቸው፤ የሚያሳዝነው ግን ሦስቱም የተሳሳቱ ናቸው። የተሳሳቱበት ምክንያት ግን የተለያየ ስለ ሆነ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የሕግን ምንነት እንመልከት። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በሱማ ቴዎሎጂካ ሕግን ሲተረጉም አራት ነገሮችን ያጣምራል፤ ሕግ የአእምሮ ሥርዓት ነው፣ ለጋራ ጥቅም የታለመ ነው፣ ማኅበሩን የመምራት ኃላፊነት ባለው የተሠራ ነው፣ እንዲሁም የታወጀ ነው። አራተኛው ተጨማሪ ጌጥ አይደለም። ሳይታወጅ የቀረ ሕግ ሰሚ እንዳላገኘ ቃል ነውና ማንንም ሊያስገድድ አይችልም። የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና መጽሐፍም፣ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጁት፣ በቀኖና 1488 ሕግ የሚጸናው ሲታወጅ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በአገራችን ዐዋጅ ሲነገር ነጋሪት በገበያ ቀን ይጎሰም ነበር፤ ዐዋጅ ነጋሪውም ያልሰማ እንዲሰማ፣ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ያዝዝ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ ማውጫ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከበሮው ወረቀት ሆነ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። በአንጻሩ የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶንዮስ ስለ ንጉሥ ካሊጉላ ሲጽፍ፣ የቀረጥ ሕጎቹን ማንም እንዳይገለብጣቸው በጣም ደቃቅ በሆነ ጽሕፈት አስጽፎ በጠባብ ቦታ እንዳስለጠፈ ይናገራል። ይህ ሕግ ማወጅ ሳይሆን ወጥመድ መዘርጋት ነው።

ነገር ግን የእኛ ሰው ጉዳይ ከዚህ ትንሽ ይለያል። በታገደ ፈቃድ መንዳት የተከለከለ መሆኑን እርሱም ያውቃል፤ ቢጠየቅ «አዎን» ይል ነበር። ያላወቀው የራሱ ፈቃድ መታገዱን ነው። እገዳው ለሕዝብ ሁሉ የተነገረ ሕግ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተላከ ትእዛዝ ነው። ለአንድ ሰው የተላከ ትእዛዝ ደግሞ ነጋሪቱ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ «ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም» የሚለው አባባል በቀጥታ እርሱን አይመለከተውም፤ የእርሱ አለማወቅ ሕግን ሳይሆን ስለ ራሱ የሆነን ነገር አለማወቅ ነውና። ይህን ልዩነት ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ሁለተኛው መካሪም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ከሆነ ደብዳቤው ተልኮ ካልደረሰስ? የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ነገር ላይ ደጋግሞ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1957 የቀረበው ጉዳይ ከዚያው ከሎስ አንጀለስ የመጣ ነበር፤ የከተማዋ ደንብ በከባድ ወንጀል የተቀጣ ሰው ሁሉ በከተማዋ ከአምስት ቀን በላይ ቢቆይ እንዲመዘገብ ያዝዝ ነበር። ሳትመዘገብ የተገኘች አንዲት ሴት ተቀጣች፤ ፍርድ ቤቱ ግን ግዴታውን ማወቋ ወይም ልታውቅ የምትችል መሆኗ ሳይረጋገጥ መቅጣት ተገቢ አይደለም ሲል ፍርዱን ሻረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ አርካንሳስ ውስጥ በግብር ዕዳ ምክንያት ቤቱ ስለ ተሸጠበት ሰው ተፈረደ። የአደራ ደብዳቤዎቹ ተቀባይ አጥተው ተመልሰው ነበር። ደብዳቤው መመለሱን እያወቀ ዝም ብሎ ቤቱን የሸጠ መንግሥት ተጨማሪ እርምጃ መውሰድ ነበረበት ተባለ። የካሊፎርኒያም ሕግ በታገደ ፈቃድ ነዳ ተብሎ የተከሰሰ ሰው እገዳውን ያውቅ እንደ ነበር ዐቃቤ ሕጉ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ደብዳቤው ተከሳሹ መጨረሻ ባስመዘገበው አድራሻ ከተላከና ተመላሽ ካልሆነ፣ እንደሚያውቅ ይገመታል፤ ተከሳሹ ይህን ግምት በማስረጃ ሊያፈርሰው ይችላል።

የቤተ ክርስቲያናችንም ቀኖና ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ቀኖና 1497 ሰው ስለ ሕግ፣ ስለ ቅጣት ወይም ስለ ራሱ ነገር አያውቅም ተብሎ እንደማይገመት ይናገራል፤ ቀኖና 1414 ደግሞ በቅጣት የሚያዘው ሕጉን ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነትና በሚያስወቅስ አለማወቅ የተላለፈ ሰው ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። የአገራችንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ካስቀመጠ በኋላ፣ በቅን ልቡና ለተሳሳተ ሰው ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀልለት በር ይከፍታል። ሁሉም በየራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ይላሉ፤ ሥርዓት እንዳይፈርስ ሰው ያውቃል ተብሎ ይገመታል፣ ሰው እንዳይበደል ደግሞ ግምቱ ይመረመራል።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነ አንድ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ነበር፤ ባለ ጉዳዩ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በሦስት የገጠር መንደሮች የሚያገለግል የአንድ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበር። አንዲት ልጅ በብስክሌት እየሄደች ከመኪናው ጎን ጋር ተጋጨች። መድን ስላልነበረው 5,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ፣ ያለዚያም ፈቃዱ እንደሚታገድ ተነገረው፤ ጥፋቱ የእርሱ መሆኑና አለመሆኑ ግን ከእገዳው በፊት እንዲመረመር አልተፈቀደለትም። ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ለሰው መተዳደሪያው ሊሆን ስለሚችል ያለ ተገቢ ሥርዓት ሊወሰድ አይገባም ሲል ወሰነ። ምእመናኑን በመኪና እየዞረ የሚጎበኝ ካህን ሁሉ ይህን ታሪክ ሲያነብ ልቡ መነካቱ አይቀርም። የመንጃ ፈቃድ ወረቀት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ኅሊና እንግባ፤ የነገሩ ጥልቀት ያለው በዚህ ነውና። ሥነ ምግባር መምህራን አለማወቅን በሁለት ይከፍሉታል። ሰው ተገቢውን ጥረት አድርጎም ሊያስወግደው የማይችለው አለማወቅ አለ፤ ይህ ከበደል ያነጻል። በጥቂት ጥረት ሊወገድ ሲችል በቸልተኝነት የተተወ አለማወቅም አለ፤ በዚህ ጊዜ ሰው በሠራው ሳይሆን ለማወቅ ባለመትጋቱ ይወቀሳል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 1791 ሰው እውነትንና መልካምን ለመፈለግ ሳይጨነቅ ሲቀር አለማወቁ በእርሱ እንደሚቆጠርበት ያስተምራል። የወንጌሉ አገልጋይ «ጥቂት» የተገረፈው ለዚህ ይመስለኛል። የጌታውን ፈቃድ አላወቀም፤ ግን የቤቱ አገልጋይ ነበረ፤ መጠየቅ ይችል ነበር።

የእኛ ሰው ከሁለቱ የትኛው ነው? እገዳውን በትክክል አላወቀም፤ አድራሻውን ግን ማስመዝገብ ይገባው ነበር። ስለዚህ በመንዳቱ ሳይሆን አድራሻውን ባለማስታወቁ ጥቂት ጉድለት አለበት፤ ይህም በአዲስ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ በሁለት ሥራ መካከል ለሚሮጥ ሰው እንደ ከባድ ኃጢአት ሊቆጠርበት አይገባም። አንዳንድ ምእመናን ከእንዲህ ያለ ክስ በኋላ ወደ ንስሐ አባታቸው መጥተው እንደ ሌባ ራሳቸውን ሲከሱ ይሰማል። እንዲህ ላለው ሰው መልሱ ግልጽ ነው፤ ያላወቅኸውን አልሠራህም፤ ቸል ያልከው ነገር ካለ እርሱን ተናገር፣ በሰላም ሂድ።

ግን ደብዳቤው ደርሶ ቢሆንስ? በጠረጴዛው ላይ፣ ከማስታወቂያና ከሂሳብ ወረቀት መካከል፣ ሳይከፈት የቆየ ፖስታ ቢኖርስ? ይህ የብዙ ስደተኛ ቤት ገጽታ ነው። እዚህ ላይ ቅዱስ ቶማስ ከሁሉ የከፋ የሚለውን አለማወቅ ያነሣል፤ ሰው እንደ ልቡ ለመሥራት ሲል ሆን ብሎ የሚፈልገውን አለማወቅ። ሆኖም ፖስታ ያልከፈተ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። በፍርሃት ያልከፈተ አለ፤ መንግሥት የላከው ወረቀት ሁሉ ክፉ ወሬ የሆነበት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ የሚጠብቅ ሰው አለ። «ካላነበብሁት አልተነገረኝም» ብሎ አስልቶ ያልከፈተም አለ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ፖስታዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ዳኛ ሊለያቸው አይችልም፤ ኅሊና ግን ይለያቸዋል። የመጀመሪያው ሰው የሚያስፈልገው ፖስታውን አብሮት የሚከፍት ጎረቤት ነው። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ንስሐ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን መካሪ መመለስ ቀላል ነው። ደብዳቤው የደረሰው ሰው «አልደረሰኝም» ብሎ በመሐላ ቢናገር በስምንተኛው ትእዛዝ ላይ ይበድላል፤ መሐላ ስለ ሆነም የእግዚአብሔርን ስም በሐሰት ይጠራል። ነገር ግን አለመዋሸት ማለት ሁሉን ነገር ለከሳሽ አውጥቶ መስጠት ማለት አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ስለ ተከሳሽ ሲጽፍ፣ ተከሳሽ ዳኛው በሕግ ሥልጣኑ ሲጠይቀው እውነቱን የመናገር ግዴታ እንዳለበት፣ ሕግ ከማያስገድደው ጥያቄ ግን በዝምታም ሆነ በሌላ ተገቢ መንገድ ሊያመልጥ እንደሚችል፣ ሐሰት መናገር ግን በምንም መንገድ እንዳልተፈቀደለት ያስተምራል። በአሜሪካ ሕግ ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም፤ ስለዚህ ዝምታው መብቱ ነው። «ጥፋተኛ አይደለሁም» የሚለውም ቃል በዚያ ሥርዓት «ክሱን አስረዱ» ማለት እንጂ የመሐላ ምስክርነት አይደለም፤ ይህን በመናገሩ ማንም ኅሊናው ሊወቅሰው አይገባም። ለጠበቃው ግን ፖስታው የት እንደ ነበረ ሳይቀር እውነቱን ሁሉ መንገር አለበት። ጠበቃ መግዣ የሌለው ድኻ ለእስራት በሚያበቃ ክስ መንግሥት ተከላካይ እንዲያቆምለት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1972 በተሰጡ ፍርዶች መብቱ ተረጋግጧል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው።

የሁለተኛው መካሪ ነገር ግን ከዚህ የረቀቀ ነው፤ በባህላችን ውስጥ ያለ መልካም ነገር ስለሚመስል። በሽማግሌዎች ፊት «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ማለት የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ቃል የሚጠብቁት እውነቱን ለማጣራት ሳይሆን ሰላም ለማውረድ ነው፤ ቃሉ ሲነገር ድንጋዩ ይነሣል፣ ነገሩ ይረሳል። ችሎት ግን ሽምግልና አይደለም። በችሎት «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት «እገዳውን እያወቅሁ ነዳሁ» ብሎ ስለ ራስ መመስከር ነው፤ ቃሉም በመዝገብ ይቀመጣል እንጂ አይረሳም። ያላወቀ ሰው ይህን ቢል በትሕትና ስም ሐሰት መናገሩ ነው። ትሕትና በእውነት ላይ ትቆማለች፤ ያልሠሩትን ኃጢአት ለራስ መጨመር ትሕትና አይደለም። ጉዳቱም የእርሱ ብቻ አይሆንም፤ ዜግነት ያላገኘ ሰው ከሆነ የእምነት ቃሉ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ሊያያዝ ይችላልና፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ደንበኛውን ስለዚህ አስቀድሞ የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። በሌላ በኩል፣ ተከሳሹ እገዳውን አስነሥቶ ፈቃዱን ይዞ ሲቀርብ፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ጸንቶ የሚሠራ ፈቃድ ሳይዙ መንዳት ወደሚለው ቀላል ጥፋት ዝቅ ማድረጉ የተለመደ ነው። ይህን መቀበል ሐሰት አይደለም፤ ባያውቅም እንኳ የሚሠራ ፈቃድ አልነበረውምና ቃሉ ከሆነው ነገር ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው መካሪ ይቀረናል። «ንዳ፣ ልጆችህ ምን ይብሉ?» ባለው ላይ መፍረድ አይቻለኝም፤ ርኅራኄ አለበትና። ቀደም ባሉት ዘመናት አንዳንድ የሥነ ምግባር መምህራን እንዲህ ያሉ የመንግሥት ደንቦች ኅሊናን የማያስገድዱ፣ የተያዘ ሰው መቀጫውን ከከፈለ የሚበቃቸው ሕጎች እንደ ሆኑ ያስተምሩ ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን «ቤተ ክርስቲያን በዓለማችን» በተባለው ሰነዱ በቁጥር 30፣ የመኪናን ፍጥነት የሚወስኑ ሕጎችን የሚንቁ ሰዎች የራሳቸውንና የሌላውን ሕይወት ለአደጋ እንደሚያጋልጡ በስም ጠቅሶ ወቅሷል። ለስደተኞችና ለመንገደኞች ሐዋርያዊ አገልግሎት የቆመው ጳጳሳዊ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለአሽከርካሪዎች ዐሥር ትእዛዛት እስከ ማውጣት ደርሷል። የታገደ ፈቃድ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ መድኑም አጠራጣሪ ይሆናል፤ ሌላውን ቢጎዳ የሚክሰው ላይኖር ይችላል። በሌሊት ልጁ ታሞበት ሌላ የሚያደርሰው ያጣ አባት ቢነዳ ቅዱስ ቶማስ ሕግ አውጪው ራሱ እንዲህ ያለውን ቀን እንዳላሰበ ይነግረናል። የየዕለቱ ሥራ ግን የሌሊት ሕመም አይደለም።

ደግሞም በዚህ ሦስተኛ ምክር ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 20 የጌራራ ንጉሥ አቢሜሌክ ሣራ የአብርሃም ሚስት መሆኗን ሳያውቅ ወሰዳት። እግዚአብሔር በሕልም ሲገለጥለት በልቡ ቅንነት እንዳደረገው መሰከረለት፤ ወዲያውም ሴቲቱን እንዲመልስ አዘዘው፣ ባይመልስ ግን እንደሚሞት ነገረው። ንጉሡ በማግሥቱ ማልዶ ተነሣ፤ ሣራንም መለሰ። ንጹሕ መባሉ የመመለስን ግዴታ አላስቀረለትም። ቅዱስ ቶማስም ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ይጽፋል። ሰው ሳያውቅ የሚሠራው፣ ቢያውቅ ኖሮ የማይሠራው ሥራ አለ፤ ሳያውቅ የሚሠራው፣ ቢያውቅም ኖሮ የሚሠራው ሥራም አለ። በሁለተኛው ጊዜ አለማወቁ ለሥራው ምክንያት አልነበረም፤ አብሮት የተገኘ ብቻ ነው። ፖሊሱ ባስቆመው ማግሥት ቁልፉን ሰቅሎ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው «ባውቅ ኖሮ አልነዳም ነበር» ቢል እናምነዋለን። በማግሥቱ የዘመድ መኪና ተውሶ የነዳ ሰው ግን «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ቃሉ እውነት ቢሆንም እንኳ አይጠቅመውም፤ ለምን እንደማይጠቅመው ራሱ ያውቃል።

ስለዚህ ሥራው ከቀጠሮው ቀን በፊት ይጀምራል። መጀመሪያ መንዳት ማቆም፤ ቀጥሎ ከመሥሪያ ቤቱ የመዝገቡን ግልባጭ አውጥቶ እገዳው በምን ምክንያት፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ በየትኛው አድራሻ እንደ ተላከ ማየት፤ የቀረውን የአደጋ ማስታወቂያና የመድን ማስረጃ ማስገባት፤ አድራሻን ማስተካከል፤ ቤት የቀየረበትን ቀን የሚያሳይ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ሂሳብ ካለ ለጠበቃው መስጠት፤ በቀጠሮው ቀን ሳይቀሩ፣ ሰዓት ሳያሳልፉ፣ በሌላ ሰው መኪና መገኘት። የቀረ ሰው ሌላ ክስ በራሱ ላይ ይጨምራል።

ከወገኖቻችን አንዳንዶች ደግሞ «እሑድ ለቅዳሴ ብቻ ብነዳስ? ለእግዚአብሔር እኮ ነው» ብለው ይጠይቃሉ። አይነዳም። የሰንበት ግዴታ ከባድ ምክንያት ያለውን ሰው እንደማይዝ ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2181 ይናገራል፤ መኪናው የተያዘበትና አውቶቡስ የማያገኝ ሰው በዚያ እሑድ በቤቱ ቢጸልይ አልበደለም። ይሁን እንጂ በዚያ ከተማ በየእሑዱ ከግማሽ በላይ መቀመጫቸው ባዶ የሆነ መኪናዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ የቆመው ሰው አድራሻ በቁምስናው መዝገብ አለ፣ በስልክ መጠየቅም ይቻላል።